ይዛ ትለቃለች

ጄኖቫ ሜዳ የላት፤ ወይ ባሕር ወይ ዳገት፤
የቀረው መሬቷ ቤት በቤት አናት።
ወይዘሮ ኦርኔላ ሳንከፍት በሩን
በካፊያ ቆመዋል ጨብጠው ቁልፉን።

«ሦስት ጋራዥ ሄድኩኝ፤ ሦስቱም ማሽን ሰክተው
‘ምንም የለባትም’ አሉኝ ፊቴን አይተው።
ፊቴን ነው ያዩት፣ መኪናዋን ትተው።»

«ምኗን ነው የሚያማት?»
«ይዛ ትለቃለች።
ደህና ስትሄድ ቆይታ፣ ድንገት ትረሳለች፤
ከሦስት ወደ አራት መሻገር ሲገባት፣
ከኋላ አንድ ሰው በስሟ እንደጠራት
ቆም!
ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማም፤
ከዚያ ጓ! ትገባለች፤ ይቅርታም አትልም።»

ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣
ናዝሬት ጋራዥ ስማር፣ ስቀጣ፣ ስረሳ፣
አማርኛ ነበር የሚመስለኝ ሁሉም፤
ባለቤት እንዳለው እስክመጣ አላውቅም።
ወይዘሮዋ ሳቁ፤ «ካምቢዮ ነው ያልከው?
ስሙን ካወቅህማ፣ ሕመሙን አድምጠው።»

ማሽኑን ሰካሁት፦ አንድም ኮድ የለም።
ሰሌዳው ላይ መብራት ብልጭ አላለም።
የካምቢዮውን ዘይት በጣቴ አሸሁት፤
ቀይ ነው፤ ቃጠሎ እንዳለው አሸተትኩት፤
የለውም።
ዳገት ወጣሁባት፣ ቁልቁል ወረድኩባት፣
እስከ ሪጊ ጫፍ ሦስት ቀን ነዳኋት፤
ሐኪም ቤት ሲደርስ ትኩሳቱ ጠፍቶ
እንደሚቦርቅ ልጅ፣ እናቱን ውሸታም አሰኝቶ፣
ማርሿ ቅቤ ሆነ።

አለቃዬ ፓሮዲ «አሮጊቷን መልሳት፣
ጊዜ አታባክንባት» አለኝ፤
የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ እንጃለት።

ጋሽ ደምመላሽ ግን፣ ያ የናዝሬቱ፣
ሲጋራ በአፉ፣ ዘይት በአንገቱ፣
«ይዞ የሚለቅ ብልሽት» ይል ነበር፣ «ሌባ ነው፤
መልኩን አታሳደው፤ ልማዱን ጠይቀው።»

«መቼ ነው?» አልኳቸው። «እሑድ።» «ሁሌ እሑድ?»
«እሑድ ነው ስታልየኖ፣ ባቲስታዬ ዘንድ፣
ወደ መቃብሩ አበባ ይዤ ስሄድ።»

እሑድ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።
በኔርቪ ዞርን፤ እሱ የሚወደው አበባ
እዚያ ነው ያለው፣ ከባሕሩ ዳር ካለች ሻጭ።
ደርሶ መልስ አርባ ደቂቃ፣ በቀስታ፣
ዘይቱ እስኪግል፣ ዝናቡም እስኪበረታ።
በድልድዩ ሥር ወደ ግራ ታጥፈን
ዳገቱን ስንጀምር

ለቀቀች።

ሞተሩ ጮኸ። ጎማው ዝም። ከዚያ ጓ!
ወይዘሮ ኦርኔላ መሪውን እንደያዙ፣
ሳይደነግጡ፣ ሳይቆጡ፣ ሳይፈዙ፣
«አየህ?» አሉኝ ብቻ።
አበባው እግሬ ላይ ተበትኗል።

ሰኞ ባትሪዋን ከነመደቧ አንስቼ
የሽቦውን እስር ዳሰስኩት ፈትቼ፤
አንዷ አረንጓዴ፣ ቆዳዋ ያልተላጠ፣
ቀለሟ ያልለቀቀ፣ መልኳ ያልተለወጠ፤
ጎንበስ ሳደርጋት ግን፣ ከላስቲኩ ውስጥ
መዳቧ ተበጥሷል፣ ብጥስጥስ።
ሜዳ ላይ ይነካካል፣ ደህና ይመስላል፤
ሞተር ዳገት ላይ ሲንጠራራ፣ ሲሞቅ፣ ይለያያል።

«በዚች ነው?» አለ ፓሮዲ፣ ጣቱን ቀስሮ።
በዚች ነው።

ቁራጯን ሰጠኋቸው። በመስኮት ብርሃን
አገላብጠው አዩዋት። «ውጪው ደህና ነው።»
ዝም አሉ።
«ባቲስታም ውጪው ደህና ነበር።
ደረቱን ይይዘዋል፤ ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ይለቀዋል።
‘ምንም የለብህም’፣ ሦስት ጊዜ፣ ከነፊርማው።»
ሌላ አልጨመሩም።
ሽቦዋን በመሐረብ ጠቅልለው ቦርሳቸው ከተቱ፤
ደረሰኙን ጠይቀው፣ ሳንቲም ሳይቀር ቆጥረው ከፈሉ።

እኔም በሩ ላይ ቆምኩ፣ ዳገቱን ስትወጣ፤
ፒንሳዬን እንደያዝኩ፣ ጆሮዬን አቁሜ፣
አንድ አልኩ፤
ሁለት፤
ሦስት፤
አራት እስኪመጣ።